ቡስት ምንድን ነው? የጌጁ ቁጥር ጉልበት አይደለም

«ጋሼ፣ ቡስቱን ጨምርልኝ፤ ማርቆስ ደጋ ስለሆነ መኪናው ታፍኖብኛል።» በዚህ ወር እንዲህ ያለኝ ሦስተኛው ሾፌር ነው። ሦስቱም ያዩት አንድ ቪዲዮ ነው። እዚያ ላይ የሚያወራው ሰው «ቡስት ማለት የሞተሩ ጉልበት ነው፤ ጌጁ ከፍ ካለ መኪናው ይጎትታል» ይላል። አይደለም! በዚህ አባባል ሞተር እየተቃጠለ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቡስት ቱርቦው (በሞተሩ ጭስ የሚሽከረከረው አየር መጭመቂያ) ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር ከውጭው አየር በላይ ያለው ግፊት ነው። ግፊት እንጂ የአየር ብዛት አይደለም።

ወናፍ የሚነፋ ልጅ አስቡ። ቀጥቃጩ ማረሻ ሲያግል ልጁ ይጫናል፣ ከሰሉ ይፋፋማል። የቱቦው አፍ በአመድ ሲደፈን ግን ወናፉ እጁ ላይ ይጠጥራል። ልጁ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ይጫናል፤ እሳቱ ግን ይደክማል። ጌጅ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ የሚያነበው እጁ ላይ ያለውን ጥጥርነት ነው። እሳቱን አያይም። ከሰሉ ካለቀም መንፋቱ ዋጋ የለውም፤ በናፍጣ ሞተርም ነዳጁ ካልተመጠነ ትርፍ አየር ብቻውን ብዙ ጉልበት አይሰጥም። በኃይል ሲጫኑት ደግሞ የወናፉ ቆዳ ይቀደዳል። የቱርቦው ዘንግም እንደዚያው ነው።

አምና ክረምት ከደጀን አንድ ፒክአፕ መጣ። ጌጁ ቶሎ ይሞላል፣ ዳገት ላይ ግን ይለግማል። የጌጁ ቱቦ የተቀጠለው ከማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ቧንቧ) በፊት ነበር። ማኒፎልዱን ስንፈታው ጥላሸት እንደ ጭቃ ተለስኖበት፣ የቀረው ቀዳዳ ጣት ብቻ ያስገባል። ረዳቴ ግማሽ ቀን በካቻቢቴ ፋቀው። ስንገጥመው ጌጁ እንደ ድሮው ቶሎ አልሞላም፤ ዳገቱን ግን ወጣው።

አሁን ወደ ደጋው ጉዳይ። የጌጁ ዜሮ «አየር የለም» ማለት አይደለም፤ የጎሚስታው ጌጅም እንዲሁ ነው። ከውጭው አየር ይጀምራል። ባሕር ወለል ላይ የውጭው አየር ግፊት 1.01 ባር ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው)። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች 0.76 አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳር ከ0.8 ትንሽ ይበልጣል፤ አባይ በረሃ ድልድዩ ጋ 0.9 ይጠጋል። ስለዚህ ጌጁ 1 ባር ሲል ባሕር ወለል ላይ ቱርቦው አየሩን 2 እጥፍ አጭቋል። ማርቆስ ላይ 2.3 እጥፍ ነው፤ ሞተሩ የሚያገኘው ግን ያንሳል። የባሕር ወለሉን ለማግኘት ጌጁን ወደ 1.25 ስትገፉት 2.6 እጥፍ ያልፋል። ቱርቦው ከልኩ በላይ ይሽከረከራል፣ አየሩም ይግላል። የጋለ አየር ደግሞ ይሳሳል። ቱርቦ ለከፍታ የሚጠቅም መሆኑ እውነት ነው፤ በ1918 በአሜሪካ 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ በአውሮፕላን ሞተር ተፈትኗል። ግን ልክ አለው።

ጌጁን መግጠም ቀላል ነው። ከማኒፎልዱ ላይ በቲ (ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ) ትቀጥላላችሁ፣ ቱቦውን ከማርሚታው መስመር አርቃችሁ ወደ ዳሽቦርዱ ታሳልፋላችሁ። የዌስትጌቱን (ቡስቱ ከልክ እንዳያልፍ ጭሱን የሚያስተነፍሰውን በር) ቱቦ ግን አትንኩ። ቱቦው ካስተነፈሰ ዌስትጌቱ ትክክለኛውን ግፊት አያውቅም፤ ቡስቱ ማንም ሳይጨምረው ያሻቅባል። ቤንዚን ሞተር ከሆነ ደግሞ ማንኳኳት (ነዳጁ ያለ ልኩ መፈንዳት) ሲጀምር ፒስተን ለመብሳት ደቂቃ ይበቃዋል።

የሦስተኛውን ሾፌር መኪና አስነስቼ ረዳቴ ጋዝ ሲሰጥ ጎንበስ ብዬ ሰማሁ። ከኢንተርኩለሩ (ከቱርቦው የወጣውን አየር ከሚያቀዘቅዘው) ታች «ፍስስ» ይላል። ጎማ ቱቦው ማሰሪያው ሥር ተሰንጥቋል። ቱቦውን ቀየርን፣ አቧራ የጠጣውን ፊልትሮም አወጣን። ቡስቱን አልጨመርኩለትም።