«ኅቡዕ ቤተ ክርስቲያን» ምንድን ነው?

«ኅቡዕ» ከግእዙ «ኀብአ» የወጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ የተሰወረ፣ የተሸሸገ ማለት ነው። በደርግ ዘመን የኖረ ሰው ቃሉን ሲሰማ ቀድመው ትዝ የሚሉት የፖለቲካ ድርጅቶች ናቸው፤ በዚያን ጊዜ አንድ ሰው «ኅቡዕ ገባ» ከተባለ ስሙን ለውጦ፣ ቤቱን ጥሎ፣ በሕዋስ ተደራጅቶ መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነበር። በወንጌላውያን አማኞች ዘንድ ግን የኅቡዕ ዘመን የሚባሉት የጸሎት ቤቶች ታሽገው፣ መሪዎች ታስረው፣ አምልኮ በየመኖሪያ ቤቱ የተካሄደባቸው ዓመታት ናቸው። የፖለቲካው ሰው ኅቡዕ ሲገባ ከሰፈሩ ይጠፋል፤ አማኙ ግን በሰፈሩ፣ በቀበሌውና በመሥሪያ ቤቱ እየታየ ይኖር ነበር። የተሰወረው ጉባኤው ብቻ ነበር፤ ነገሩን በቅርብ ለመረዳት ከዚህ መነሳት ይገባል።

ይህ አኗኗር በደርግ አልተጀመረም። በጣሊያን ወረራ ምክንያት የውጭ ሚስዮናውያን በ1929 ዓ.ም. ወላይታን ለቀው ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ከወረራው በኋላ ሲመለሱ ግን በእስራትና በግርፋት መካከል በሺዎች የሚቆጠር ምእመን ተፈጥሮ ጠበቃቸው። በንጉሡ ዘመንም የሙሉ ወንጌል አማኞች በ1959 ዓ.ም. ለመመዝገብ ያቀረቡት ጥያቄ ውድቅ በመደረጉ በየቤቱ መሰብሰብን ገና ያኔ ተለማምደውት ነበር፤ በ1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከ200 በላይ የሚሆኑት በአንድ ጊዜ ታስረዋል።

ደርግ ሥልጣኑን ሲያደላድል ወንጌላውያኑን «መጤ ሃይማኖት» በሚል ስም ፈረጃቸው። መጋቢት 1969 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ተወረሰና የአብዮቱ ድምፅ ሆነ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ውስጥ በዑራኤል ሰፈር የነበራቸውን አገልግሎት ጨርሰው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። መከራው የወንጌላውያን ብቻ እንዳልነበረም መታወቅ አለበት፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ከታሰሩ በኋላ በዚያው በ1971 ዓ.ም. ተገድለዋል። ጥር 1974 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ በሙሉ ተዘጋች፤ ሕንፃዎቿና ንብረቷ ተወረሱ፣ መሪዎቿም ለዓመታት ታሰሩ።

ከዚህ በኋላ ምእመኑ ከአምስት እስከ ሰባት ሰው እየሆነ በትንንሽ ቡድን ተከፋፈለ። ቁጥሩ ያነሰው በምክንያት ነው፤ አምስት ስድስት ሰው በአንድ ሳሎን ቢገኝ ቡና ሊጠጣ ወይም የታመመ ሊጠይቅ መጣ ይባላል፣ ሃያ ከሆነ ግን ስብሰባ ነው፣ ስብሰባ ደግሞ የቀበሌ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ረከቦቱ ይዘረጋል፣ ስኒው ይደረደራል፣ ዳቦው ይቆረሳል፤ መጽሐፍ ቅዱሱም በር ሲንኳኳ ቶሎ በሚሸሸግበት ቦታ ይቀመጣል። መዝሙር በሹክሹክታ ይዘመራል። ሲገቡም ሲወጡም አንድ በአንድ፣ በመካከል ጊዜ እየሰጡ ነው፤ የሚቀጥለው መሰብሰቢያ የማን ቤት እንደሆነ የሚነገረው ለሚመለከተው ብቻ ነው። ብዙ ሰው አንድ ላይ መሆን ካስፈለገ ሠርግ፣ ልደትና ለቅሶ ነበሩ፤ ለቅሶ ቤት የሚሄድን ሰው ለምን ትሄዳለህ የሚል ኢትዮጵያዊ የለምና።

በእኔ እምነት ይህን ጊዜ ለማለፍ ያስቻለውን ነገር ስናስብ የጥቂት ጀግኖችን ጽናት ብቻ ማየት አይበቃም። ሰዎቹ የተጠለሉት ቡና መጠራራት፣ በሽተኛ መጠየቅና ሐዘንተኛ ማጽናናት በሚባለው፣ ማንም መንግሥት ሊከለክለው በማይችል የጉርብትና ሥርዓት ውስጥ ነው። ጎረቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያውቅ ነበር። በአጥር የተለያየ ቤት ውስጥ በየሳምንቱ የሚደረግ ጸሎት ለዓመታት ሳይሰማ አይቀርም፤ ሰምቶ ለቀበሌ ያልተናገረ ጎረቤት፣ ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆንም፣ ከዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው።

ሁለተኛው ነገር አገልግሎቱ በማን እጅ እንደወደቀ ነው። ሰባኪው ሲታሰርና መድረኩ ሲታሸግ የሚያስተምሩት የባንክ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ የቤት እመቤቷ ሆኑ። በተለይ ሴቶች ብዙ ሸክም ተሸክመዋል፤ ዘንቢል አንጠልጥላ ከሰፈር ሰፈር የምትሄድ እናት ጥርጣሬ ስለማትስብ መልእክት ማድረስ፣ ቡድኖችን ማገናኘትና የእስረኛ ቤተሰብ መጎብኘት በአብዛኛው የእነርሱ ሥራ ነበር።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። አብዮቱን ከሁሉ በላይ የሚያደርገውን መፈክር እጅ አንሥቶ ለማሰማት እምቢ ያለ ተማሪ ከትምህርት፣ ሠራተኛም ከሥራ ይባረር ነበር፤ የታሰሩና የተገረፉም ብዙ ናቸው። የቄስ ጉዲና ባለቤት ፀሐይ ቶሎሳ ወደ አሥር ዓመት ገደማ በእስር ቆይተዋል። የቀበሌ ስብሰባ ሆን ተብሎ እሑድ ጠዋት ይጠራ ስለነበር ብዙዎች በየሳምንቱ መምረጥ ነበረባቸው፤ ፈርተው የተዉትን ሰዎች ግን በቀላሉ መውቀስ አይገባም፤ ልጅ ያለው፣ በአንድ ደመወዝ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ምን እንደሚያሰጋው ያላየው ሊፈርድበት አይችልም።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ ጸሎት ቤቶች ዳግም ሲከፈቱ፣ ሲዘጋ ወደ 5,000 ገደማ አባላት የነበሩት መሠረተ ክርስቶስ ከ30,000 በላይ ሆኖ ወጣ። በአንድ ከተማ የኖሩ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ቡድኖቹ እርስ በርስ እንዳይተዋወቁ ተደርገው ስለነበር፣ ብዙዎቹ ያን ጊዜ ገና ፊት ለፊት መተያየታቸው ነበር። ሕንፃው ከተመለሰ በኋላም በየሰፈሩ የሚደረገው የቤት ኅብረት አልቀረም፤ አሁን መዝሙሩ ከፍ ባለ ድምፅ ይዘመራል፣ ቡናውም እንደ ቀድሞው ይፈላል።