የልብ ቫልቭ ላይ የሚበቅለው ዕጢ፣ ፓፒላሪ ፋይብሮኤላስቶማ ምንድን ነው?

አክስቴ ደሴ ቤቷ ቡና እየቀዳች ድንገት አፏ ተጣመመ፣ ሲኒው ከእጇ ወደቀ፣ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቶናውን ቀዳች። ብርድ ነው፣ አብሽሪ ብለናት አለፍነው፣ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም እንዲህ ቶሎ የሚለቅም የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ነው፣ በዛው ቀን መታየት ነበረባት። ሲደግማት ሀኪም ቤት ወሰድናት፣ ልቧን በኤኮ (በድምፅ ሞገድ የልብን ምስል በሚያሳየው ምርመራ) አይተው ቫልቭሽ (ደም በአንድ አቅጣጫ እንዲያልፍ የሚከፈት የሚዘጋው የልብ በር) ላይ ዕጢ አለ ሲሏት ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ፣ እኛ ጋ ዕጢ ከተባለ ካንሰር ነዋ የሚታሰበው።

ይሄ ግን ካንሰር አይደለም። ከልብ የሚነሳ ዕጢ ራሱ ብርቅ ነው፣ ቫልቭ ላይ ከሚበቅሉት ውስጥ ግን በብዛት የሚገኘው ይሄ ፓፒላሪ ፋይብሮኤላስቶማ ነው። ብዙ ጊዜ አኦርቲክ ቫልቭ (ደም ከግራ ልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር) ላይ፣ ቀጥሎ ሚትራል (እዛው ግራ ልብ ውስጥ ያለው በር) ላይ ይወጣል፣ 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ በቀጭን አንገት ተንጠልጥሎ ልብ በመታች ቁጥር ይወዛወዛል። ያልተቋጨ የነጠላ ዘርፍ ሀይቅ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ክሩ እንዴት ብትን እንደሚል አስቡት፣ ይሄም አውጥተው ውሃ ውስጥ ሲከቱት ልክ እንደዛ ይበተናል። ጣጣው እዛ ዘርፍ ላይ ነው፣ በመሀሉ ደም ይረጋል ወይ ራሱ ይቆረጣል፣ ከዛ ደም ይዞት አንጎል ከገባ ስትሮክ፣ የልብ ደም ስር ከዘጋ ሀርት አታክ። ምንም ሳይሰማቸው ለሌላ ነገር ኤኮ ሲነሱ የሚገኝባቸውም ብዙ ናቸው።

ኤኮው በደረት በኩል ካልጠራ በጉሮሮ በሚገባ ቱቦ ይታያል፣ ከልብ ጀርባ ስለሚያይ ትንሿንም የተሻለ ያሳያል። ያም ሆኖ ከረጋ ደም ወይ ከቫልቭ ኢንፌክሽን ጋር ሊምታታ ይችላል፣ ትኩሳት ነበረሽ ወይ እያሉ የሚጠይቁትና ደም የሚያስመረምሩት ለዛ ነው፣ ቁርጡ የሚታወቀው ወጥቶ ፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ክፍል) ሲያየው ነው።

የሚያሟሟው ኪኒን የለም። በግራ ልብ በኩል ሆኖ የሚወዛወዝ ወይ አንዴ ስትሮክ ያመጣ ከሆነ በኦፕራሲዮን ይወጣል፣ በቀኝ በኩል ያለ ትንሽና ዝም ያለ ከሆነ ግን በየጊዜው ኤኮ እየተነሱ መከታተል ይቻላል፣ ኦፕራሲዮን ለማይችል ሰው ደም ማቅጠኛ ሊታዘዝለት ይችላል። እኛም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን አዲስ አበባ ወሰድናት፣ ልቧን አቁመው የልቧንና የሳንባዋን ስራ ማሽን እየሰራላት ዕጢውን ከቫልቩ ላይ ልጠው አወጡት፣ ቫልቯ አልተቀየረም፣ ብዙ ጊዜም አይቀየርም። ተመልሶ የመብቀሉ ነገር እምብዛም ነው፣ ለኤኮ ቀጠሮ ግን አሁንም ትሄዳለች።