ድርብ ብርድ ልብስ ጠባብ ኮርቻን አያሰፋም

ጥር ሲገባ፣ ጥምቀትና የጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲቃረብ፣ ፈረሱ ይታጠባል፤ ኮርቻው ይወለወላል፤ ያችው ምክርም ትመጣለች፦ «ጀርባው ከተላጠ አንድ ብርድ ልብስ ደርብበት»። ስንቱን ፈረስ ገጣባ ያደረገች ምክር ናት። ጫማ ጠቦት እግሩ ለቆሰለ ሰው «ሁለት ካልሲ አድርግ» ይባላል?

የአገራችን ኮርቻ አጥንቱ እንጨት ነው። ሁለት ሳንቃ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ይተኛል፤ ከፊትና ከኋላ በቆሙ እንጨቶች ይያያዛል፤ በጠፍር ተጠፍሮ ቆዳ ይለብሳል። በሳንቃዎቹ መካከል ያለው ክፍተት አከርካሪው ሸክም እንዳይነካው ታስቦ የተተወ ነው። የታጠፈ ብርድ ልብስ ሲጨመርበት ክፍተቱ ይደፈናል፤ የፊተኛው እንጨትም ጫንቃውን (አንገቱ ከጀርባው የሚገናኝበትን ከፍታ) ግራና ቀኝ እንደ ጉጠት ይይዘዋል። ኮርቻው ከፍ ስለሚል ይወዛወዛል፤ ባለቤቱ ደግሞ ኮርቻውን በደረቱ ሥር አዙሮ የሚያስረውን ጠፍር ያጠብቃል። ቁስሉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መጥበቡን ለማወቅ ግማሽ ሜትር ለስላሳ ሽቦ ይበቃል። ከትከሻ አጥንቱ ሦስት ጣት ወደ ኋላ፣ በጫንቃው ላይ አስተኝታችሁ ከገላው ጋር ተጫኑት፤ ሳይጣመም አንሡና ቅርጹን ካርቶን ላይ ሥሉ፤ ቆርጣችሁ በኮርቻው ፊት ሥር አስገቡት። ካርቶኑ አልገባም ካለ ኮርቻው ጠባብ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ኮርቻ ብቻ ነው። ግራና ቀኝ ከተንቀዋለለ ግን ሰፊ ነው። ብርድ ልብስ የሚረዳው ያን ጊዜ ነው፤ ለምሳሌ ፈረሱ በበጋ መኖ አጥሮት ሲከሳ። ሣር ጠግቦ ሲወፍር ያው ኮርቻ ሊጠበው ስለሚችል መለካቱ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም።

ሰው ከተቀመጠበት በኋላ በጫንቃውና በኮርቻው መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት መግባት አለበት። ከሃያ ደቂቃ ግልቢያ በኋላ ኮርቻውን አውርዳችሁ ላቡን እዩ። በረጠበው ጀርባ መካከል መዳፍ የሚያህል ደረቅ ቦታ ካለ፣ ወይ እንጨቱ ክፉኛ ተጭኖታል፣ ወይ ጭራሽ አልነካውም። በጣት ጫን በሉት፤ ከሸሸ ተጭኖታል።

ጀርባ ላይ የሚበቅለው ነጭ ጠጉር «ምልክት» ወይም ዕድሜ ነው የሚሉም አሉ። አይደለም፤ የጠጉሩ ሥር በጫና ተጎድቶ ቀለሙን አጥቷል።

«ለጉግስ ጠፍሩን አንቀህ እሰር» የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን ደረቱ የታነቀ ፈረስ ቶሎ ይደክማል። መጀመሪያ ሲታሰር ደረቱን ስለሚወጥር በሦስት ጊዜ አጥብቁት፦ በረት ላይ በላላው፣ አምስት ደቂቃ ካራመዳችሁ በኋላ፣ ከመውጣታችሁ በፊት። ቦታው ከፊት እግሩ ክርን አንድ መዳፍ ወደ ኋላ ነው። ጥብቀቱን ከጎን ሳይሆን ከደረቱ ሥር ለኩ፤ ሁለት ጣት ጠጋ ብሎ ይግባ።

የድሮው እርካብ አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ትንሽ ቀለበት ነው፤ የተሠራውም ለባዶ እግር። በሸራ ጫማ እዚያ ውስጥ መወሸቅ ወድቆ መጎተትን መጋበዝ ነው። ጫማ የሚያደርግ ሰው ከጫማው ሰፊ ቦታ ሁለት ሴንቲ ተኩል የሚሰፋ እርካብ ያሠራ። ከዚያ በጣም ከሰፋ ደግሞ እግሩ ሙሉ በሙሉ ያልፋል።

«ልጓሙ ከከረረ ፈረሱ ይታዘዛል» የሚለውም ያው ነው። በታችኛው መንጋጋ ዙሪያ ቀለበት ያለው የአገራችን ልጓም ዛቡ (ጋላቢው የሚይዘው ጠፍር) ትንሽ ሲሳብ እንኳ ላንቃውን ይወጋል። የታመመ አፍ ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል፤ ከሕመሙ ለመሸሽም ይብሱን ይሮጣል።

ቆዳውን ቅቤ መቀባትም ይቅር። መጀመሪያ የላቡን ጨው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ ጥላ ውስጥ አድርቁ፤ ከዚያ የቆዳ ቅባት በስሱ። ቅቤ ይሻግታል፤ ሽታውም አይጥ ይጠራል፤ በበዓሉ ዋዜማ ጠፍሩ ተበልቶ ይገኛል።