ላሪ ሃውስሆልደር፦ የኦሃዮው አፈ ጉባኤና የ60 ሚሊዮን ዶላሩ የሙስና ጉዳይ

ላሪ ሃውስሆልደር በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት ምክር ቤት ሁለት ጊዜ አፈ ጉባኤ የነበሩ ሪፐብሊካን ፖለቲከኛ ናቸው። በ2021 (ዓመታቱ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከምክር ቤቱ ተባረሩ፣ በ2023 ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤት 20 ዓመት እስር ፈረደባቸው። ፈርስትኢነርጂ የተባለው የመብራት ኩባንያና እህት ድርጅቶቹ 60 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ እሳቸው ወደሚቆጣጠሩት ማኅበር አስገብተዋል። በምላሹ ያገኙት ከመብራት ተጠቃሚው ኪስ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያስገኝ ሕግ ነው። በጉዳዩ ውስጥ በድብቅ የተሰጠ ጥሬ ገንዘብ ትንሽ ነው። አብዛኛው የተላለፈው በባንክ ሲሆን ተቀባዩም በሕግ የተመዘገበ ማኅበር ነበር፤ ጉዳዩን ማወቅ የሚጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው።

መውጣት፣ መመለስ

ሃውስሆልደር በ1959 የተወለዱ፣ በደቡብ ምሥራቅ ኦሃዮ የምትገኘው የገጠሯ ፔሪ ካውንቲ ሰው ናቸው። በ1997 ምክር ቤት ገብተው ከ2001 እስከ 2004 አፈ ጉባኤ ሆኑ። የኦሃዮ ሕገ መንግሥት አንድ ተወካይ በተከታታይ ከ8 ዓመት በላይ እንዲቀመጥ ስለማይፈቅድ በ2004 መጨረሻ ለቀቁ። በዚያው ሰሞን በእሳቸውና በረዳቶቻቸው ላይ የሙስና ጥቆማ ቀርቦ ኤፍቢአይ ምርመራ ከፍቶ ነበር፤ ያለ ክስ ተዘጋ። ገደቡ የሚመለከተው ተከታታይ ዘመንን ብቻ ስለሆነ ጥቂት ዓመት ውጭ የቆየ ሰው እንደገና መወዳደር ይችላል። እሳቸውም በ2016 ተመርጠው ተመለሱ።

በጥር 2017 የዶናልድ ትራምፕን በዓለ ሲመት ለመታደም ዋሽንግተን የሄዱት በፈርስትኢነርጂ የግል አውሮፕላን ነበር። በወሩ «ጄኔሬሽን ናው» የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። ከመጋቢት ጀምሮም ኩባንያው በየሦስት ወሩ 250,000 ዶላር ያስገባለት ጀመር።

ገንዘቡ የሄደበት መንገድ

በኦሃዮ ሕግ ኩባንያ ለዕጩ ተወዳዳሪ በቀጥታ ገንዘብ መስጠት አይችልም። ግለሰብም ቢሆን በዚያን ጊዜ ለአንድ ዕጩ በአንድ የምርጫ ዙር መስጠት የሚችለው ወደ 13,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ የሰጪው ስምም ለሕዝብ ይገለጻል። «ጄኔሬሽን ናው» ግን በፌዴራሉ የግብር ሕግ አንቀጽ 501(ሐ)(4) የተመዘገበ «የማኅበራዊ ደኅንነት» ማኅበር ነበር። እንዲህ ያለ ማኅበር የሚቀበለው መጠን ገደብ የለውም፤ ማን እንደሰጠውም ለሕዝብ የመግለጽ ግዴታ የለበትም። በወረቀት ላይ ሃውስሆልደር የማኅበሩ ኃላፊ አልነበሩም። ሒሳቡን የሚያንቀሳቅሰው የፖለቲካ አማካሪያቸው ጄፍ ሎንግስትሬት ነበር።

ገንዘቡ ወጪ የተደረገው ለሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ በ2018 ምርጫ «ቲም ሃውስሆልደር» ለሚባሉት፣ ቢመረጡ ለአፈ ጉባኤነት ድምፃቸውን ለሚሰጧቸው ዕጩዎች ማስታወቂያና ሠራተኛ ተከፈለ። ቀጥሎ ሕጉን ማስተዋወቅና ማስከበር መጣ። ከ500,000 ዶላር በላይ ደግሞ ለግል ጥቅማቸው ውሏል፦ ፍሎሪዳ ላላቸው ቤት፣ ለክሬዲት ካርድ ዕዳ፣ ተከስሰውበት ለነበረ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ስምምነት። ጠበቆቻቸው ገንዘቡን ተራ የምርጫ መዋጮ ነው ብለው ለመከራከር ሲሞክሩ ትልቁ እንቅፋት የሆነባቸው ይህ የግል ወጪ ነበር።

በጥር 2019 ለአፈ ጉባኤነት የተመረጡት በ52 ድምፅ ነው፤ 26 ሪፐብሊካን፣ 26 ዴሞክራት። ምክር ቤቱ 99 መቀመጫ ስላለው 50 ድምፅ ይበቃ ነበር። የራሳቸው ፓርቲ አባላት ግማሽ ያህሉ ተቃዋሚያቸውን መርጠዋል።

ረቂቅ ቁጥር 6

የፈርስትኢነርጂ እህት ኩባንያ በኤሪ ሐይቅ ዳርቻ ሁለት የኒውክሌር ማመንጫዎች ነበሩት፤ ዴቪስ-ቤሲና ፔሪ። (የፔሪ ማመንጫ በስም ይመሳሰል እንጂ ከሃውስሆልደር ካውንቲ ጋር አይገናኝም፤ ከክሊቭላንድ በስተምሥራቅ ነው።) የተፈጥሮ ጋዝ ሲረክስ ማመንጫዎቹ ለኪሳራ ተዳረጉ፣ ኩባንያውም በመጋቢት 2018 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ።

ሃውስሆልደር አፈ ጉባኤ በሆኑ በሦስተኛው ወር፣ ሚያዝያ 2019፣ ማመንጫዎቹን የሚደጉመው የሕግ ረቂቅ ቁጥር 6 ቀረበ። ሐምሌ 23 ምክር ቤቱ በ51 ለ38 የመጨረሻ ድምፅ ሰጠ፤ አገረ ገዢው ማይክ ደዋይን በዚያው ቀን ፈረሙ። ሕጉ ከእያንዳንዱ መኖሪያ ቤት በወር እስከ 85 ሳንቲም፣ ከትልልቅ ፋብሪካዎች እስከ 2,400 ዶላር ተሰብስቦ በዓመት 150 ሚሊዮን ዶላር ለሁለቱ ማመንጫዎች እንዲገባ አዘዘ። ለሁለት ያረጁ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎችም ከየቤቱ እስከ 1.50 ዶላር ጨመረ፤ አንዱ ጭራሽ ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ነው። የታዳሽ ኃይል ግቡም ከ12.5 ወደ 8.5 በመቶ ወረደ።

ፊርማውን ማጨናገፍ

የኦሃዮ ሕዝብ የማይፈልገውን ሕግ በሕዝበ ውሳኔ መሻር ይችላል። ለዚህ ቢያንስ ከ44 ካውንቲዎች የተውጣጡ 265,774 ትክክለኛ ፊርማዎች በ90 ቀን ውስጥ ማቅረብ ያስፈልጋል። ሆኖም ፊርማ ከመሰብሰብ በፊት የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የማመልከቻውን ማጠቃለያ ማጽደቅ አለበት። የመጀመሪያው ማጠቃለያ ተመለሰ፣ ሁለተኛው ነሐሴ 29 ጸደቀ። ለአሰባሳቢዎቹ የቀራቸው ሃምሳ አራት ቀን ብቻ ነበር።

በእነዚያ ቀናት ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈርስትኢነርጂ ገንዘብ ፈሰሰ። ቻይና የኦሃዮን የመብራት መረብ ልትቆጣጠር ነው የሚሉ የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎች ተሠሩ። ፊርማ የሚሰበስቡትን የሚከታተሉና ሰዎች እንዳይፈርሙ የሚያግባቡ ሠራተኞች በየመንገዱ ተሰማሩ። ከሌላ ግዛት የመጡ አሰባሳቢዎች ሥራቸውን ትተው ቢሄዱ 2,500 ዶላርና የአውሮፕላን ትኬት ይሰጣችኋል ተባሉ። የግዛቱ ሪፐብሊካን ፓርቲ የቀድሞ ሊቀመንበር ማት ቦርጀስ በፊርማ ዘመቻው ውስጥ ለሚሠራ ሰው የ15,000 ዶላር ቼክ ሰጠ፤ የፈለገው ምን ያህል ፊርማ እንደተሰበሰበ እንዲነግረው ነው። ሰውየው ግን ቀድሞ ኤፍቢአይ ዘንድ ሄዶ ስለነበር ንግግራቸው ይቀዳ ነበር። ፊርማው አልሞላም። በእኛ እምነት ከጉዳዩ ሁሉ ከባዱ በደል ይህ ነው፤ ሕጉ በገንዘብ ከወጣ በኋላ የሕዝቡ የመጨረሻ መድኅንም በዚያው ገንዘብ ተዘጋ።

ክስና ፍርድ

ሃውስሆልደር ከአራት ሰዎች ጋር የታሰሩት ሐምሌ 21 ቀን 2020 ነው። በዘጠነኛው ቀን ምክር ቤቱ 90 ለ0 ከአፈ ጉባኤነት አወረዳቸው፤ የተወካይነት ወንበራቸውን ግን አልነካም። በኅዳር ምርጫ በድምፅ መስጫው ላይ የታተመው ስም የእሳቸው ብቻ ስለነበር ተከስሰው ሳለ እንደገና አሸነፉ። ተወካይን ለማባረር ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 66 ድምፅ ያስፈልጋል፤ በአንድ ምክንያት ሁለት ጊዜ ማባረርም ሕገ መንግሥቱ አይፈቅድም። ብዙ ተወካዮች ፍርዱ እስኪታወቅ እንጠብቅ ያሉት በዚህ ሳቢያም ነበር። በመጨረሻ ሰኔ 16 ቀን 2021 በ75 ለ21 ተባረሩ። በኦሃዮ ከ1857 ወዲህ እንዲህ ያለ እርምጃ አልተወሰደም ነበር።

የዐቃቤ ሕጉ ፈተና መዋጮን ከጉቦ መለየት ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 የዌስት ቨርጂኒያ የግዛት ተወካይ በነበሩት ማኮርሚክ ጉዳይ እንደወሰነው፣ የምርጫ መዋጮ ወንጀል የሚሆነው «ይህን ብትሰጠኝ ያንን አደርግልሃለሁ» የሚል ግልጽ ስምምነት ሲኖር ነው። መቀበሉ፣ ከዚያም ሰጪውን የሚጠቅም ሕግ ማውጣቱ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ የክፍያዎቹ ቀናት ከስብሰባዎቹና ከድምፅ አሰጣጡ ጋር እየተገጣጠሙ ለዳኞች ሸንጎ ቀረቡ። ጥፋታቸውን ያመኑት ሎንግስትሬትና ሎቢስቱ (ሕግ አውጪዎችን በክፍያ የሚያግባባው) ሁዋን ሴስፔደስም መሰከሩ። ሃውስሆልደር ራሳቸው ምስክር ሳጥን ውስጥ ገብተው ተከራከሩ። መጋቢት 9 ቀን 2023 ሲንሲናቲ የተሰየመው ሸንጎ እሳቸውንና ቦርጀስን በተደራጀ ወንጀል በማሴር ጥፋተኛ አላቸው። ሰኔ 29 ዳኛ ቲሞቲ ብላክ ለክሱ የተፈቀደውን ከፍተኛ ቅጣት፣ 20 ዓመት፣ ወሰኑባቸውና በካቴና ከችሎት ተወሰዱ። ቦርጀስ 5 ዓመት ተፈረደበት። በግንቦት 2025 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኝነታቸውን አጽንቷል።

ከፍርዱ በኋላ

ፈርስትኢነርጂ በ2021 ከዐቃቤ ሕግ ጋር ባደረገው ስምምነት 230 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። የግዛቱ የመብራት ታሪፍ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሊቀመንበር ሊሆን ለነበረው ሰው 4.3 ሚሊዮን ዶላር መክፈሉንም አመነ። የኒውክሌሩ 85 ሳንቲም መሰብሰብ ሊጀምር ቀናት ሲቀሩት ፍርድ ቤት አገደው፣ በ2021 ምክር ቤቱ ሻረው። የከሰሉ ክፍያ ግን ቆየ። የኮሎምበስ ሐበሾችን ጨምሮ የግዛቱ ነዋሪዎች አፈ ጉባኤው ከታሰሩ በኋላም በየወሩ ቢላቸው ላይ ሲከፍሉት ኖረዋል፤ ያበቃው በ2025 በወጣ ሌላ ሕግ ነው።

በመጋቢት 2024 የኦሃዮ ግዛት በበኩሉ በሃውስሆልደር ላይ አሥር ክሶች መሠረተ። 20 ዓመት ለተፈረደበት ሰው ሌላ ክስ ምን ያደርጋል የሚል ሊኖር ይችላል። በኦሃዮ ሕግ በሥልጣን ላይ ሳለ በመስረቅ የተፈረደበት ሰው ዳግመኛ የሕዝብ ሥልጣን መያዝ አይችልም። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ዴቭ ዮስት ክሱን ያቀረቡትም ሃውስሆልደር ለሦስተኛ ጊዜ እንዳይመለሱ ነው።