«ሹልደንብሬምዘ»፦ የጀርመኖች የዕዳ ፍሬን ከየት መጣ?

ጀርመን ውስጥ የበጀት ወሬ ሲነሳ አንድ ረጅም ቃል አይቀርም፤ ሹልደንብሬምዘ። «ሹልደን» ዕዳ፣ «ብሬምዘ» ፍሬን ነው። መንግሥት በዓመት ስንት መበደር እንደሚችል የሚገድብ የሕገ መንግሥት ድንጋጌ ነው። ስለ ቃሉ የሚባለው ግን ብዙው ስህተት ነው።

«የሜርክል መንግሥት የፈጠረው ቃል ነው»

አይደለም። ቃሉ ጀርመንኛ ይሁን እንጂ ስዊዞች ቀድመዋል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 2001 ሕዝበ ውሳኔ አካሂደው 85 በመቶ ገደማ ድምፅ ሰጪ ደገፈው፤ በ2003 ሥራ ላይ ዋለ። ጀርመን ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ያስገባችው በ2009 ነው።

«የግሪክ ቀውስ የወለደው ነው»

ቀኑ አይገጥምም። የጀርመን ፓርላማ ያጸደቀው በ2009 ሜይ መጨረሻ ላይ ነው። የግሪክ የበጀት ጉድለት የተጋለጠው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ነው።

«ለጀርመን ዕዳ ኃጢአት ነው፤ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል»

ይህ በጣም ይደጋገማል፤ እኔን የሚከነክነኝም እሱ ነው። እርግጥ «ሹልድ» በነጠላ ሲሆን በደል ማለት ነው። ጀርመኖች «አባታችን ሆይ» ሲጸልዩ «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ላይ የሚሉት ይህንኑ ቃል ነው። «ሹልደን» ተብሎ ሲበዛ ግን የገንዘብ ዕዳ ነው፤ ፍሬኑ የተገጠመለትም ይኸኛው ነው። ሁለቱም የመጡት «ዞለን» ከሚለው ግስ ሥር ነው። ግሱ ዛሬ «ይገባል» ማለት ነው፤ ጥንት መበደርንም ይገልጽ ነበር። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። «መቶ ብር አለብኝ» እንላለን፤ «መሄድ አለብኝ» እንላለን። ግዴታና ዕዳ በአንድ ቃል ይነገራሉ። እንዲህ ስላልን ግን ዱቤ መውሰድን ኃጢአት አናደርገውም።

«መበደር ክልክል ነው ማለት ነው»

ፍሬን መኪናን ያዘገያል እንጂ ሞተሩን አያወጣም። የ2009ኙ ደንብ የፌዴራሉ መንግሥት በመደበኛ ጊዜ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት እስከ 0.35 በመቶ እንዲበደር ፈቅዷል። አደጋ ሲመጣ ገደቡ ይነሳል፤ በ2020 ኮሮና ሲገባ ተነስቷል። በማርች 2025 ደግሞ ከምርቱ 1 በመቶ በላይ ያለው የመከላከያ ወጪ ከገደቡ ውጭ ሆነ።

ምንም ብድር የለም የሚለው ሌላ ቃል ነው፤ «ሽቫርጸ ኑል»፣ ጥቁር ዜሮ። እሱ የፖለቲከኞች ግብ ነው፤ ሕገ መንግሥት ውስጥ የለም።

«ብሬምዘ» ራሱ ከመኪና በፊት የነበረ ቃል ነው። መጀመሪያ የሚጠራው አስቸጋሪ ፈረስ ጸጥ እንዲል አፍንጫው ላይ የሚደረገውን መቆንጠጫ ነበር።