አውትሶርሲንግ ምንድን ነው? ከአሜሪካ ዞሮ የመጣው የሐዋሳ ሸሚዝ

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ሸሚዝ አመጣችልኝ። ሰማያዊ፣ ቀጫጭን መስመር ያለው፣ ገና ከነወረቀቱ። ቡና ተፈልቶ ስለነበር ሸሚዙ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። "ወይ የአሜሪካ ዕቃ! ጨርቁን እዩት እስቲ" ተባለ። የጎረቤታችን ልጅ ጋ ሲደርስ ግን እሷ ጨርቁን አልዳሰሰችም። ገለበጠችውና የእጅጌውን ጫፍ ከውስጥ በኩል አየች። ቀጥላ ኮሌታውን። ከዚያ ጎኑ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ነጭ ጨርቅ ፈልጋ አነበበች።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የኛው ነው" አለችኝ።

"ሜድ ኢን ኢትዮጵያ" ይላል።

ልጅቷ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርታለች። እሷ የነበረችበት ላይን፣ ማለትም የስፌት መስመር፣ እጅጌ ብቻ ነበር የሚሰፋው። ሙሉ ሸሚዝ ሰፍታ አታውቅም፤ እጅጌ ግን በቀን ስንት እንደሚያልፍባት ታርጌቷን ዛሬም በቃሏ ታውቀዋለች። ይህንን ሸሚዝ እሷ ሰፍታዋለች እያልኩ አይደለም። ከእኛ ቤት እስከ ፓርኩ በር ግን በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ሸሚዙ በዚያ በር ወጥቶ፣ በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ አሜሪካ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ፣ በሻንጣ ተመልሶ ቤቴ ገባ።

ይህን ሁሉ ዙረት ያመጣው አሠራር ነው አውትሶርሲንግ የሚባለው።

እኛ አገር ቃሉን ብዙ ሰው የሚያውቀው በጥበቃና በጽዳት ነው። መሥሪያ ቤቱ ዘበኛ መቅጠር ትቶ ከኤጀንሲ ያመጣል። ዘበኛው በሩ ላይ ዓመታት ይቆማል፣ ሠራተኛው ሁሉ በስሙ ይጠራዋል፣ ደመወዝ የሚከፍለው ግን ሌላ ድርጅት ነው። "አውትሶርስ ተደርጓል" ይባላል። ትርጉሙ ይኸው ነው፦ ራስህ ትሠራው የነበረውን ሥራ ለሌላ ሰጥተህ ማሠራት።

የሰርግ ምሳሌ ደግሞ ይበልጥ ይገባኛል። ድሮ ዳሱ የዕድር፣ ወጡ የሰፈር ሴቶች፣ ጠላው የአክስቶች ነበር። አሁን ኬተሪንግ ይጠራል። ጠሪው አንተ ነህ፣ ካርዱ ላይ ያለው ስም ያንተ ቤተሰብ ነው፤ ምግቡን ግን አንተ አታውቀውም። ጨው ቢበዛበት የሚታማው ጠሪው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በትልልቆቹ ድርጅቶች ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በአማርኛ "ውጭ" ስንል ሐሳባችን ወዲያው ቦሌ አየር ማረፊያ ይሄዳል። አውትሶርሲንግ ውስጥ ያለው "ውጭ" ግን ከድርጅቱ ውጭ ማለት ነው እንጂ ከአገር ውጭ ማለት አይደለም። ሥራን ወደ ሌላ አገር መውሰድ ሌላ ስም አለው፤ ኦፍሾሪንግ ይባላል። ዘበኛውን ከኤጀንሲ ማምጣት አውትሶርሲንግ ብቻ ነው። አንድ ኩባንያ ሌላ አገር የራሱን ፋብሪካ ከፍቶ ራሱ ቢያስተዳድር ኦፍሾሪንግ ብቻ ነው። የእኔ ሸሚዝ ሁለቱንም ነው። ስሙ ኮሌታው ላይ ያለው ድርጅት አልሰፋውም፣ የተሰፋውም በድርጅቱ አገር አይደለም።

ታዲያ ትልልቅ ሱቆች እዚህ ውስጥ ምን አገባቸው? ሁሉም ነገር። ዋልማርትን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1962 ሳም ዋልተን አርካንሳስ በምትባል የአሜሪካ ግዛት ውስጥ የከፈተው ሱቅ ነው። ዛሬ ከዓለም ትልልቅ ቸርቻሪዎች አንዱ ነው። መደርደሪያው ላይ የሚሸጠውን ሸሚዝ የሚሰፋበት ፋብሪካ ግን የለውም። አያስፈልገውምም። የያዘው ነገር ከፋብሪካ ይበልጣል፤ መደርደሪያውንና ገዢውን ይዟል። የትኛው ዕቃ በየትኛው ቀን ስንት እንደተሸጠ ከሒሳብ መቀበያ ማሽኑ ያውቃል። ስለዚህ አምራቹ መጥቶ "ዋጋዬ ይህን ያህል ነው" አይልም። "በዚህ ዋጋ ታመጣለህ ወይስ ሌላ ልጥራ?" ይባላል። አምራቹም ዋጋውን ለማውረድ ርካሽ ጉልበት ወዳለበት አገር ይሄዳል። እዚያም ሄዶ ራሱ ላይሠራው ይችላል፤ ለሌላ ይሰጣል፣ ሌላው ለሌላ። ሥራ በደላላ እንደሚያልፍ ቤት ኪራይ ይሆናል።

ሥራው እጅ በእጅ ሲተላለፍ ኃላፊነቱም አብሮ ይሸሻል። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የሚባል ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደረመሰ። ውስጡ የልብስ ፋብሪካዎች ነበሩ። ግድግዳው መሰንጠቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቶ ነበር። ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ እንዲገቡ ተደረገ። ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። ከፍርስራሹ ውስጥ የታወቁ የምዕራባውያን ድርጅቶች ስም ያለበት ልብስ ሲገኝ፣ አንዳንዶቹ እዚያ እንደሚሰፋላቸው አናውቅም ነበር አሉ። ሰርጉ ላይ ጠሪው ነበር የሚታማው። እዚህ ጠሪው "ኬተሪንጉን ጠይቁ" ይላል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የሐዋሳው ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። 60 ሺህ ሠራተኛ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ካልቪን ክላይንንና ቶሚ ሂልፊገርን የያዘው የአሜሪካው ፒቪኤች ዋናው ጠሪ ሆኖ መጣ፤ ሲመጣም ልብስ የሚሰፉለትን አስከትሎ ነበር። ለምን እዚህ? አንዱ ምክንያት አጎዋ ነው። በዚህ የአሜሪካ ሕግ መሠረት እዚህ የተሰፋ ልብስ አሜሪካ ሲገባ ቀረጥ አይከፍልም ነበር። ሌላው ምክንያት የእኛ ልጆች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በወቅቱ ምንዛሪ 750 ብር ገደማ ማለት ነው። ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207 ዶላር ይከፈል ነበር። የእኛን የሚያህል ዝቅተኛ ደመወዝ ጥናቱ አላገኘም።

ብዙዎቹ ልጆች ከሲዳማ ገጠር ቀበሌዎች የመጡ ናቸው። በዚያ ደመወዝ ሐዋሳ ቤት መከራየት ስለማይቻል አንዲት ክፍል ለአራት ይዘው ያድሩ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ዕድለኛ ነበረች፤ እናቷ ቤት ነው የምታድረው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ኅዳር 2014 ላይ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አገደች። ፓርኩ ጨርሶ አልተዘጋም፤ የቀሩ አሉ። ብዙ ላይን ግን ቆመ፣ ብዙ ልጅም ወደ ቤቷ ተመለሰች። አውትሶርሲንግ በአንድ ደብዳቤ ይመጣል፣ በአንድ ደብዳቤ ይሄዳል። ሰፊው እኛ ነን፤ ገዢውን የያዘው ሌላ ነው።

አሁን "የአገርህን ምርት ግዛ" የሚለው ነገር ላይ እንምጣ። አሜሪካኖችም ይሉታል። እንዲያውም ዋልማርት ራሱ ብሎታል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሳም ዋልተን የአሜሪካ ምርት እናስቀድም የሚል ዘመቻ ጀመረ፤ መፈክሩ በየሱቁ ተሰቀለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ካሜራ ይዞ ቢገባ፣ "በአሜሪካ የተሠራ" ከሚለው ጽሑፍ ሥር የተሰቀለው ልብስ ባንግላዴሽ የተሰፋ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዋልማርት እንደገና በአሥር ዓመት ውስጥ ተጨማሪ 250 ቢሊዮን ዶላር የአሜሪካ ምርት እገዛለሁ ብሎ ቃል ገባ።

በአሜሪካኖቹ ቁጭት አልስቅም። አምስት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ከቻይና በገባ ዕቃ ብዛት አሜሪካ ውስጥ ከ2 እስከ 2.4 ሚሊዮን የሚደርስ ሥራ እንደጠፋ አስልተዋል። ፋብሪካ የተዘጋበት ከተማ የሚመስለው እዚያም እዚህም አንድ ነው። ነገር ግን ሐዋሳ ተቀምጦ ሲታይ ነገሩ ይጣረሳል። አርካንሳስ ላይ ያለው መፈክር ሙሉ በሙሉ ቢሠራ የጎረቤቴ ልጅ ላይን ይዘጋል። እኛ "የአገር ምርት" ስንል እነሱ ከሚሉት ጋር አንድ አይደለም ማለት ነው።

እኛ ጋ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ቃሉ ራሱ ነው። ሱቅ ገብታችሁ "ሎካል ነው" ከተባላችሁ ስድብ ነው። ጥሩው "ኦርጅናል" ነው። ፒያሳ አካባቢ ጫማ ስገዛ ሻጩ "የቱርክ ነው፣ እንዳያመልጥህ" አለኝ። ተከራክሬ ገዛሁ። በሁለተኛው ወር ሶሉ ሲላቀቅ ሊስትሮው ውስጡን ገልጦ አየና ሳቀ። "አዲስ አበባ ነው የተሠራው፤ ቆዳው ግን አንደኛ ነው" አለ። ማስቲሹን ቀብቶ፣ በክር ሰፍቶ መለሰልኝ። ዛሬም አደርገዋለሁ። ሠሪው በስሙ ቢሸጠው እኔ ዋጋውን አወርድበት ነበር፤ እሱም ያውቃል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

የአገር ምርት ግዙ የሚለው ክርክር ጥሩው ክፍል ያለው እዚህ ጫማ ላይ ነው። ቆዳው የሞጆ ሊሆን ይችላል። ቆዳ ፋብሪካው ቆዳ የሚገዛው ከሰብሳቢ ነው፣ ሰብሳቢው ከባለ ሥጋ ቤቱና ከገበሬው። ሰፊው እዚሁ ነው፣ ጠጋኙም እዚሁ ነው። የከፈልኩት ብር ከአገር ከመውጣቱ በፊት ብዙ ቤት ይገባል። ሸሚዙን ተመልከቱት ደግሞ። "ሜድ ኢን ኢትዮጵያ" ቢልም አጎዋ ጨርቁ ከሌላ አገር እንዲመጣ ይፈቅድ ስለነበር ጨርቁ፣ ክሩ፣ ቁልፉ በኮንቴይነር ገብቶ ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ የሚቀረው ደመወዙ፣ የመብራቱና የሼዱ ኪራይ ነው። ዶላር ያመጣልና አይናቅም። ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት "የአገር ምርት" አይደሉም።

መንግሥትም በራሱ መንገድ ሞክሯል። በ2014 "ኢትዮጵያ ታምርት" ተባለ። ጥቅምት 2015 ላይ ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ ተከለከለ፤ ብስኩትና ቸኮሌት ሳይቀር። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ክልከላው ተነሣ። በዚያው ዓመት የችርቻሮና የጅምላ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተፈቀደ። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባል ነበር፤ አሁን በሬውም ከውጭ ሊመጣ ነው ማለት ነው። እኔ ክልከላውን አልናፍቅም። ተቀናቃኝ የሌለው አምራች ሳሙናውን ሲያቀጥነው አይተናል። ሦስት ልጅ የምታስተምር እናት ርካሹን የቻይና ደብተር ገዛች ብሎ መውቀስም ነውር ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ትልቁ ሱቅ ሲመጣ መደርደሪያው ላይ ማን ይወጣል?

ይህን በቅርብ አይቼዋለሁ። እኛ ሰፈር የለውዝ ቅቤ የሚያዘጋጁ እናት አሉ። ለውዙን ከባቢሌ ያስመጣሉ፣ ቤት ቆልተው ያስፈጫሉ። አንድ ሱፐርማርኬት ተቀበላቸው። ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ውሉ ግን ዕቃው ከተሸጠ ከወር በኋላ ይከፈላል ይላል። ወሩ ሲሞላ "ማክሰኞ ይምጡ" ተባሉ። ማክሰኞ ሲሄዱ ሒሳብ ሹሟ ፈቃድ ላይ ናት። ያልተሸጠው ተመለሰባቸው፣ የተቧጨረውም ከሒሳቡ ተቆረጠ። የለውዝ ነጋዴው ደግሞ በዱቤ አይሰጥም። እሳቸው ናቸው እንግዲህ ለሱፐርማርኬቱ ብድር የሚሰጡት። ከአርካንሳስ መደርደሪያ የሚለየው በስፋቱ ብቻ ነው።

በአራተኛው ወር ተዉት። አሁን ለሰፈር ኪዮስኮችና ለቁርስ ቤቶች ይሰጣሉ፤ እጅ በእጅ ነው። ሱፐርማርኬቱ እሳቸው በነበሩበት ቦታ ከውጭ የመጣ ማሰሮ ደርድሯል። ዋጋው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው።

እኔ ከእሳቸው ነው የምገዛው። ባለፈው ስሄድ ለውዙ አልጨመረም፣ ዕቃው ግን ጨምሯል አሉኝ። ፕላስቲኩ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ በዶላር ነው የሚመጣው። ስወጣ ከበር ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ስትጨርስ ዕቃውን እጠብና መልስልኝ። ክዳኑንም እንዳትጥለው።"