ስውር የውኃ ጉዳት ምንድን ነው?

ስውር የውኃ ጉዳት የሚባለው ውኃ ከቧንቧ፣ ከጣሪያ ወይም ከመሬት ወደ ቤቱ አካል ገብቶ፣ ከልስን ጀርባ፣ ከኮርኒስ በላይ ወይም ከሴራሚክ ሥር ሆኖ፣ ነዋሪው ሳያየው ቀስ በቀስ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ቧንቧ ፈንድቶ ሳሎኑን ሲያጥለቀልቅ ቤተሰቡ ሁሉ ይረባረባል፤ ዋናው መዝጊያ ይዘጋል፣ ባለሙያ ይጠራል፣ ምንጣፉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ስውሩ ግን የሚያስደነግጥ ነገር ስለሌለው ወራት ይቆያል፤ እስከዚያው የኮርኒሱ እንጨት ይበሰብሳል፣ በአርማታው ውስጥ ያለው ብረት ይዝጋል፣ የቁም ሣጥኑ ጀርባ ይሻግታል። ግድግዳ ላይ የሚታየውን ቡናማ እድፍ ብዙ ሰው የጉዳቱ መጀመሪያ አድርጎ ይወስደዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ውኃው ውስጥ ለውስጥ ተጉዞ በመጨረሻ ብቅ ያለበት ቦታ ነው።

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከየካ አባዶ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ ያሉ ቤቶች ለዚህ ጉዳት የሚጋለጡባቸው የየራሳቸው ምክንያቶች አሉ። ክረምቱ አንዱ ነው። የአካባቢው ዓመታዊ ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለሆነ፣ በእነዚያ ሳምንታት የረጠበ ግድግዳ ለመድረቅ ፋታ አያገኝም። አፈሩም ሌላው ምክንያት ነው። በአቃቂና በኮዬ ፈጬ አቅጣጫ በብዛት የሚገኘው ጥቁር መረሬ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ በዚህም ሳቢያ መሠረቱ ሲነቃነቅ ወለል ሥር የተቀበረው ቧንቧ መጋጠሚያው ይላላል፣ ግድግዳውም ዝናብ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል።

ከሁሉም በላይ ግን ሊታሰብበት የሚገባው ውኃ በፈረቃ መምጣቱ ነው። ውኃው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት ተጠቃሚው ስለሚቀንስ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላል፤ የላላው መጋጠሚያም የሚያፈሰው ያን ጊዜ ነው። ሲነጋ ውኃው ሲሄድ ማፍሰሱም ይቆማል። ቀን የተጠራው የቧንቧ ሠራተኛ ደረቅ መጋጠሚያ አይቶ «ምንም የለውም» ቢል አይፈረድበትም፤ እርሱ በመጣበት ሰዓት በእርግጥም ምንም የለም። ሮቶውም እንዲሁ ነው፤ ውኃው ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ሲበላሽ፣ ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ ሮቶው ሞልቶ ይፈስና የጓሮውን ግድግዳ አርሶት ያድራል፤ ከሮቶው በታች በግድግዳው ላይ የወረደ አረንጓዴ መስመር ካለ ይህ ነገር ሲደጋገም መቆየቱን ያሳያል።

ስለዚህ እንዲህ ባለ ቤት «የት ረጠበ?» ከማለት ይልቅ «መቼ ይረጥባል?» ብሎ መጠየቅ ወደ ምንጩ ፈጥኖ ያደርሳል። የሚያስፈልገው እርሳስ ብቻ ነው፤ የእድፉን ጠርዝ ተከትሎ መስመር አስምሮ አጠገቡ ቀኑን መጻፍ፣ ከዚያም ጠርዙ መስመሩን አልፎ ሲገኝ በዚያ ቀን ምን እንደነበረ ማስታወስ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ከሰፋ የሚጠረጠረው ጣሪያው፣ አሸንዳው ወይም የውጭ ግድግዳው ስንጥቅ ነው። ዝናብ ሳይኖር ውኃ በመጣ ማግስት ከሰፋ፣ ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ያለው መስመር ነው፤ ይህ መስመር ግፊት የሚያገኘው በፈረቃው ብቻ ነውና። ሰው በታጠበ ቁጥር ከረጠበ የሻወሩ ወለል ወይም የፍሳሽ መውረጃው ነው። በጥር ፀሐይ እንኳ ሳይደርቅ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚቆይ እርጥበት ደግሞ ከሮቶው ወደ ውስጥ ከሚገባው፣ ሁልጊዜ ውኃ ከሚይዘው ቧንቧ ወይም ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከመሬት የሚመጣ ሊሆን ይችላል።

ቧንቧው ከተጠረጠረ ቆጣሪው ይመሰክራል። ውኃ በመጣበት ሌሊት የቤቱ ቧንቧዎች ሁሉና የሮቶው መግቢያ ተዘግተው፣ በቆጣሪው ፊት ላይ ያለችው ትንሽ ተሽከርካሪ ትታያለች። ውኃው እንደመጣ ግን መመልከት ያሳስታል፤ ባዶ የነበረው መስመር አየሩን እየገፋ ስለሚያስወጣ ቆጣሪው በአየርም ሊዞር ይችላል፤ ስለዚህ ውኃው ሳይቆራረጥ መውረድ እስኪጀምር መጠበቅ ይገባል። ሁሉም ተዘግቶ ሳለ ተሽከርካሪዋ ከዞረች ውኃው መሬት ወይም ግድግዳ ውስጥ እየሄደ ነው። በአንጻሩ የምትዞረው የሮቶው መግቢያ ሲከፈት ብቻ ከሆነና ሮቶው ደግሞ ሙሉ ከሆነ፣ ጥፋቱ የተንሳፋፊው ነው። ከሮቶው በኋላ ያለውን መስመር ቆጣሪው ስለማያየው፣ ማታ መግቢያውን ዘግቶ፣ የውኃውን ከፍታ በእንጨት ለክቶ፣ ማንም ሳይጠቀም ጠዋት እንደገና መለካት ነው። የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ በዝምታ የሚያፈስ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ የምግብ ቀለም ጨምሮበት ግማሽ ሰዓት ሳይለቁ መቆየት ይበቃል፤ ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ ከታየ ጎማው አይዘጋም ማለት ነው። በሴኮንድ አንድ ጠብታ ቢሆን እንኳ በቀን ወደ 20 ሊትር፣ አንድ ጀሪካን ገደማ ነው፤ ጀሪካን ተሸክሞ ውኃ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም።

እድፍ ከመውጣቱ በፊት የሚቀድሙ ምልክቶችም አሉ፤ ከእነርሱ ሁሉ ቀዳሚው ሽታ ነው። የሻገተ ሽታ የሚታወቀው ተዘግቶ የቆየ ክፍል ሲከፈት በመጀመሪያው ትንፋሽ ነው፤ ነዋሪው ቶሎ ስለሚለምደው እንግዳ ሲናገር መስማት ይጠቅማል። ዕጣን አጭሶ ማለፍ ሽታውን እንጂ ሻጋታውን አያጠፋም፤ ሻጋታ ደግሞ ረጥቦ በቆየ ጨርቅ ወይም እንጨት ላይ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማደግ ይጀምራል። ከዚያ ቀጥሎ እጅና ጆሮ ይሠራሉ። ልስኑን በጣት መገጣጠሚያ እያንኳኩ ሲሄዱ ድምፁ ባዶ የሚሆንበት ቦታ ልስኑ ከብሎኬቱ መላቀቁን ያመለክታል። የቀለም ማበጥ፣ እንደ ጨው ያለ ነጭ ዱቄት፣ ያለወትሮው ለመክፈትና ለመዝጋት የሚያስቸግር በር፣ ከሲንክ ሥር ያበጠ የካቢኔ ወለል፣ በጭቃ ቤት ደግሞ ከቋሚው ሥር የሚወጣ ምስጥ፣ እነዚህ ሁሉ ሊናቁ አይገባም። እርጥበቱ ማብሪያ ማጥፊያ ወይም ሶኬት አጠገብ ከሆነ ግን ከምርመራው በፊት የዚያን መስመር ኤሌክትሪክ ማጥፋት ግዴታ ነው።

ጣሪያው በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ ይታያል። በቀትር ፀሐይ ከኮርኒሱ በላይ ገብቶ ወደ ቆርቆሮው ቢመለከቱ፣ የምስማሩ ጎማ ያረጀበት ወይም ቆርቆሮው የተበሳበት ሁሉ ነጥብ ነጥብ ብርሃን ሆኖ ይታያል። በዚያ የገባው ውኃ ወራጁን፣ ማለትም ቆርቆሮውን የተሸከመውን እንጨት፣ ተከትሎ ርቆ ስለሚሄድ፣ ኮርኒሱ ላይ ያለው እድፍ ከቀዳዳው ሥር ላይሆን ይችላል። በባሕር ዛፍ አቅራቢያ ላሉ ቤቶች አሸንዳውን ከቅጠል ማጽዳት ከማንኛውም ጥገና ይቀድማል።

ከግድግዳው ግርጌ ተነሥቶ እስከ ጉልበት ወይም እስከ ወገብ የሚደርስ እርጥበት ብዙውን ጊዜ የመሬት ነው፤ ሲሚንቶና ብሎኬት፣ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ፣ ውኃውን ከመሠረቱ ወደ ላይ ይስቡታል። ይህን ከቤት ውስጥ ትነት ለመለየት አንድ ክንድ ያህል ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን መተው ነው። ጠብታው ላስቲኩና ግድግዳው መካከል ከተገኘ ውኃው ከግድግዳው ነው፤ በፊት ለፊቱ ከተገኘ በምግብ ማብሰያና በልብስ ማድረቂያ የተነሣው እንፋሎት በሌሊቱ ብርድ ግድግዳው ላይ እየሰፈረ ነው፤ መፍትሔውም መስኮት መክፈትና ዕቃውን ከግድግዳው ፈቀቅ ማድረግ እንጂ ቆፍሮ ቧንቧ መፈለግ አይደለም።

በኮንዶሚኒየም እድፉ የሚወጣው ከታች ባለው ቤት፣ ምንጩ ደግሞ ከላይ ባለው ስለሚሆን ጉዳዩ ቶሎ ወደ ጠብ ያመራል። ከመወቃቀስ በፊት ሁለቱ ጎረቤቶች ተስማምተው የላይኛውን ሻወር መውረጃ ደፍነው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ ቢያቁሩበት፣ ከፍታውን ምልክት አድርገው ከሰዓታት በኋላ ቢያዩት፣ ሁለቱም በዓይናቸው ያረጋግጣሉ። ውኃው ከቀነሰና የታችኛው ኮርኒስ ከረጠበ የወለሉ ውኃ መከላከያ ተበላሽቷል፤ ምንም ካልቀነሰ ምርመራው ወደ ቧንቧውና ወደ መውረጃው ይሻገራል።

ምንጩ ከተጠገነ በኋላ ወዲያው ቀለም መቀባት ወይም በሴራሚክ መሸፈን የተለመደ ቢሆንም፣ በእኔ እምነት ጥገናውን ከንቱ የሚያደርገው ይኸው ነው። በተለይ የዘይት ቀለም በውስጥ የቀረውን እርጥበት አፍኖ ስለሚይዘው ቀለሙ እንደገና ያብጣል። የተላቀቀው ልስን ተፍቆ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ግድግዳው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይደርቃል፤ ላስቲኩ እንደገና ተለጥፎ ጀርባው ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ይለሰናል፣ ልስኑም ሲደርቅ ቀለሙ ይከተላል።